ጥምቀትም መውሊድም የሚያልፉበት መንገድ አስቀድሞ ይለካ

ለሰሜን ወሎና ለደቡብ ወሎ ዞን ከተሞች አስተዳደሮች፣ ለሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቶችና ለፖሊስ፤ እንዲሁም ለአብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎች፣ ለእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቶች፣ ለቅሬ (የሰፈር እድር) ዳኞችና ለነዋሪው በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሃይማኖት በዓላት የአደባባይ ጉዞ የሚመራበት የተጻፈ ሥርዓት እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ጥምቀት ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ይህን ደብዳቤ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በከተሞቻችን የአደባባይ በዓል በደረሰ ቁጥር በመጨረሻው ሳምንት አንድ ዓይነት ወሬ ይነዛል፤ መንገዱ ተቀይሯል ይባላል፣ ተከልክሏል ይባላል፣ ከዚያ በዋዜማው ማታ ተፈቅዷል ይባላል። ወሬውን የሚያጣራ የተጻፈ ነገር ስለሌለ የደብሩ አስተዳዳሪ ስልክ ይደውላሉ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ሽማግሌ ይልካል፣ የጸጥታ ኃላፊውም በበኩሉ ከላይ የሚመጣ ቃል ይጠብቃል። በዚህ መሐል ማንም ሰው ወጥቶ መንገዱን አያይም። በቅየሳ ሥራ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ ነገሩን ከመሬቱ ጀምሬ ማየት ይቀናኛል፤ እናም ዓመት ሙሉ የምንከራከርበት «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» የሚለው ጥያቄ ዋናውን ጥያቄ እንደሸፈነብን ይሰማኛል። ዋናው ጥያቄ ሕዝቡ በየት በኩል ይሄዳል፣ በስንት ሰዓት ይነሳል፣ መንገዱ በጠበበበት ቦታ ስንት ሜትር ነው፣ አደጋ ቢደርስ በየት ይወጣል የሚለው ነው።

ከሕጉ ልጀምር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው ሃይማኖቱን ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ በይፋም ሆነ በግል የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ያረጋግጣል። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ይህ ነጻነት ሊገደብ የሚችለው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የሕዝብን ሞራልና የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥ በሚወጣ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል። አስተዳደሮቻችን «የሕዝብ ደኅንነት» የሚለውን ቃል በደንብ ያስታውሳሉ፤ «በሚወጣ ሕግ» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። በዋዜማው ማታ በስልክ የተነገረ ትእዛዝ ሕግ አይደለም፤ የተቃውሞ አቤቱታ የሚቀርብበት ወረቀት እንኳ የለውም። በሌላ በኩል አንቀጽ 30 ስለ መሰብሰብ ነጻነት ሲናገር ከቤት ውጭ የሚደረግ ስብሰባ የሚካሄድበትን ቦታና የሚሄድበትን መንገድ በሚመለከት አግባብ ያለው ሥርዓት ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል። መንገድ መምረጥና ሰዓት መወሰን የመንግሥት ሥልጣን ነው ማለት ነው፤ አማኙም ይህን እንደ ጥቃት ሊቆጥረው አይገባም።

ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዛል። ታቦት ማጀብ ወይም መውሊድ ማክበር የፖለቲካ ሰልፍ ነው እያልሁ አይደለም፤ አዋጁም ለዚያ የተጻፈ አይደለም። ሆኖም የአዋጁ መንፈስ ይጠቅመናል፤ አዘጋጁ ያሳውቃል እንጂ ፈቃድ አይለምንም፣ አስተዳደሩም ቦታው ወይም ሰዓቱ ይለወጥ የሚል ከሆነ ምክንያቱን ይናገራል። የሰዓቱን ቁጥር ግን ለእኛ ጉዳይ አልቀበለውም። ከተራ ጥር 10 መሆኑን ሕጻን ልጅ ያውቃል፤ ዓመት ሙሉ ለሚታወቅ ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው መነጋገር ከመጀመር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መቀመጥ ይሻላል።

የጸጥታ ሥጋት ባዶ ወሬ ነው የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ክልላችን ያለበት ሁኔታ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ኃላፊነት ይዞ የቆመ ፖሊስ እንቅልፍ ባይወስደው አይፈረድበትም። ግን ሰዎቻችን በበዓል አደባባይ የሞቱበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብናይ ያልጠበቅነውን ነገር እናገኛለን። መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ በተፈጠረው ድንጋጤ ሰው እርስ በርስ ተረጋገጠ፣ ብዙዎችም ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ፤ መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር ከ50 በላይ ነው። በእኛው በወልድያ ጥር 12 ቀን 2010 የጸጥታ ኃይሎች ታቦት በሚሸኝ ሕዝብ ላይ ተኩሰው ቢያንስ 7 ሰዎች ሞቱ። ጥር 11 ቀን 2012 በጎንደር በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ለተመልካች ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች አለቁ። ዘንድሮ መስከረም 21 ቀን በምንጃር ሸንኮራ በአረርቲ ማርያም የቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ የእንጨት መወጣጫ በምእመናን ላይ ወድቆ ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ ያ ቀን በአምባሰል ግሸን ማርያም የምንነግሥበት ቀን ነበርና ዜናው ብዙዎቻችንን በንግሥ ላይ እያለን አገኘን።

ከእነዚህ አራት ቦታዎች በሁለቱ ገዳዩ ያልተመረመረ እንጨት ነው፣ በሁለቱ ደግሞ የጸጥታ ኃይሉ ራሱ የወሰደው እርምጃ ነው። በዓሉን መከልከል ለየትኛውም መፍትሔ አይሆንም ነበር። መፍትሔው መወጣጫውን የሚፈትሽ መሐንዲስ፣ ጉድጓዱን የሚሸፍን ማዘጋጃ ቤት፣ በሕዝብ መሐል ጭስና ጥይት እንዳይተኮስ አስቀድሞ የሚያዝ አዛዥ ነበር። ይህን ስል የሞቱትን ወገኖቼን ለክርክር ማድመቂያ ማድረጌ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን ሥጋቱን በስሙ ካልጠራነው መልሰን የምንደርሰው እገዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተሠራች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚያልፈው ዋና መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ አስፋልቱ ከተዘጋ አምቡላንሱም፣ ከኮምቦልቻ የሚወጣው ከባድ መኪናም፣ ወላድ የያዘው ባጃጅም አብረው ይቆማሉ። ከዋናው መንገድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡት የኮብልስቶን መንገዶች ቁልቁለት ናቸው፤ ግራና ቀኛቸው በቆርቆሮና በግንብ አጥር የታጠረ ስለሆነ ሕዝብ ከገባባቸው በኋላ ወደ ጎን የሚወጣበት ክፍተት የለም።

ታቦት ሲወጣ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ወጣቶች ከፊት ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ካለፈ በኋላ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው በሕዝቡ ዳር እየሮጡ እንደገና ከፊት ይዘረጉታል። የእምነት ትጋት ነውና ማንም እንዲቀር አልልም። ግን ከኋላ ወደ ፊት የሚሮጡት ልጆች ዳርና ዳሩን ባዶ መተላለፊያ ይፈልጋሉ። በዚያ ዳር ባጃጅ ቆሞ፣ ወይም ቤት የሚያሠራ ሰው አሸዋና ጠጠር ዘርግፎ ከሆነ ከባዱን ጥቅል የተሸከመው ልጅ ወደ ሕዝቡ መሐል መግባቱ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ሲገፋ ወደ ዲቹ፣ ማለትም ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ይሄዳል። በየመንገዱ ዳር ክዳኑ የተሰረቀ ወይም የተሰበረ ዲች እንዳለ የማያውቅ የለም፤ በአዘቦት ቀን ዘለነው እናልፋለን፣ እልፍ ሰው ከኋላ ሲገፋ ግን መዝለል አይቻልም።

ቁጥሩን ላስቀምጥ። የስታዲየም መውጫ የሚነድፉ ባለሙያዎች በደልዳላ መሬት ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ከ82 ሰው በላይ ሊያልፍ አይችልም ብለው ይሠራሉ። 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት በደቂቃ 574 ሰው ያሳልፋል፤ 20 ሺህ ሰው ይወጣል ብንል 35 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ያው መንገድ በቆመ መኪናና በአሸዋ ክምር 4 ሜትር ብቻ ከቀረው በደቂቃ 328 ሰው፣ በጠቅላላው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። እየዘመረና እየቆመ የሚሄድ ሕዝብ ከዚህም የዘገየ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ መንገዱ መጥበቡን ስለማያውቅ መምጣቱን አያቆምም፤ ጥበቱ ላይ ያሉት በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስትና ከስድስት ሰው በላይ ሲሆኑ ማንም እንደ ፈቃዱ መራመድ አይችልም፣ ሕዝቡ እንደ ውኃ በአንድነት ይወዛወዛል። በእንዲህ ያለ መጨናነቅ ብዙው ሰው የሚሞተው ተረግጦ እንዳይመስላችሁ፤ ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ አቅቶት ነው፣ አንዳንዱም እንደቆመ። ስለዚህ አንድ ጥበት ላይ የቆመን መኪና አስቀድሞ ማንሳት በዚያው ቦታ አንድ መኪና ሙሉ አድማ በታኝ ከማሰለፍ ይበልጣል።

የሁለት ሕዝብ መገናኛ ደግሞ ከጥበትም የከፋ ነው። መስከረም 13 ቀን 2008 በመካ አጠገብ በሚና የሐጅ ተጓዦች ከሁለት መንገድ መጥተው በአንድ መገናኛ ላይ ተገጣጠሙ፤ የሳውዲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 769 አለ፣ ከየአገሩ የተሰበሰበው ድምር ግን ከ2 ሺህ በላይ ነው፤ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። የእኛ ታቦታት ከተለያዩ አድባራት ተነስተው በመንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ መገናኘታቸው የበዓሉ ውበት ነው፣ ግን የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስና የትኛው ቆሞ እንደሚጠብቅ በሰዓት መታወቅ አለበት።

ደስ የሚለው ነገር ሁለቱም ሃይማኖቶች በዚህ ረገድ የቆየ ጥበብ ያላቸው መሆኑ ነው። ወደ ዒድ ሶላት በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መንገድ መመለስ ሱና ነው፤ ነቢዩ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የኛ ዑለማዎች ለዚህ ብዙ መንፈሳዊ ምክንያት ይሰጣሉ፤ እኔ የመንገድ ሰው ስለሆንሁ የምጨምረው የሚሄድና የሚመለስ ሕዝብ ፊት ለፊት እንዳይጋጠም የሚያደርግ መሆኑን ብቻ ነው። በጥምቀትም የሚካኤል ታቦት ጥር 12 ስለሚመለስ ሽኝቱ በሁለት ቀን ይከፈላል። አስተዳደሩ ይህን ልማድ በካርታ ላይ ቢያሰፍረው አዲስ ነገር ጫነብን የሚል አይኖርም።

ስለ ቀን መገጣጠም አንድ ነገር ልጨምር። የሂጅራ ዓመት ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር የእስልምና በዓላት በየዓመቱ ወደ ፊት እየመጡ ከክርስቲያኑ በዓል ጋር ይገናኛሉ። መስከረም 16 ቀን 2016 መውሊድና ደመራ በአንድ ቀን ዋሉ። በ2023 ደግሞ ዒድ አል ፈጥር ከጥምቀት በኋላ ቀናት ብቻ ቆይቶ ይውላል ተብሎ ይጠበቃል፤ ጨረቃዋ አንድ ቀን ብታስቀድም ወይም ብታዘገይ እንጂ ስሌቱ የታወቀ ነው። ሁለት ትልልቅ ጉባኤዎች በአንድ ሜዳና በአንድ መንገድ ላይ ሊገናኙ ዓመታት ሲቀሩ መነጋገር እንችላለን። ያኔ «ማን ይቅደም» የሚለው ክርክር በበዓሉ ማለዳ ሳይሆን ነገር ሳይሞቅ፣ ቡና እየተጠጣ ያልቃል። የወሎን አብሮነት በባነር ላይ ጽፎ መስቀል ቀላል ነው፤ የሁለቱን በዓል ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ግን ሥራ ይፈልጋል።

ለፖሊስ አመራሮች የምለው ይህ ነው። በበዓል ቀን ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን፤ ስሙንና ስልኩን አስተባባሪዎቹ ይወቁት። ከሌላ ቦታ የመጣ ኃይል የት እንደሚቆም የሚያሳየው የአካባቢው ፖሊስ ይሁን፤ እንግዳ ሰው ተክቢራና ሁካታን አይለይም፣ ጭብጨባና ረብሻም ይምታቱበታል። በታጠረ መንገድና በቁልቁለት ላይ አስለቃሽ ጭስ መተኮስና ጥይት ወደ ላይ ማንጫጫት በግልጽ ትእዛዝ ይከልከል፤ ቢሾፍቱና ወልድያ ይህን አስተምረውናል። በሕዝቡ መሐል አንድ ወጣት የተከለከለ ነገር የተጻፈበት ልብስ ቢለብስ ወይም መፈክር ቢያሰማ ጉዳዩ የዚያ ወጣት ነው፤ በጎን ጠርቶ ማነጋገርም ሆነ በሕግ መጠየቅ ይቻላል። በአንድ ሰው ምክንያት ሙሉውን ጉዞ ማስቆም ግን ጥበት ላይ ያለን ሕዝብ ማፈን ነው። ፍተሻም ቢሆን በጉዞው መነሻ ላይ በሰፊ ቦታ ይደረግ፤ መሐል መንገድ ላይ ገመድ ዘርግቶ መፈተሽ ራሱ አደጋ ይፈጥራል።

የሃይማኖት አባቶችና አስተባባሪዎች ደግሞ «መብታችን ነው» ብለው ብቻ ሊቀመጡ አይችሉም። አጃቢው ሕዝብ ከፖሊስ በፊት የሚሰማው የእናንተን ወጣት ነው፤ የሰንበት ተማሪውና የመስጊዱ ጀመዓ ወጣት በየስንት ሜትሩ እንደሚቆም፣ ሲጨናነቅ ለማን እንደሚነግር፣ ከኋላ ያለውን ሕዝብ እንዴት እንደሚያስቆም ከበዓሉ በፊት ቢለማመድ ነውር የለበትም። መድረክ፣ ድንኳንና የተመልካች ማማ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይውጣበት፤ ምእመን በነጻ ስለሠራው ብቻ ጽኑ ነው ማለት አይደለም። የታቦት ጉዞ በመስጊድ በር ሲያልፍ ሶላት እየተሰገደ ከሆነ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ ማድረግ፣ የመውሊዱም ጉዞ ቅዳሴ ባልወጣበት ደጅ ሲያልፍ እንዲሁ ማድረግ ወላጆቻችን ማንም ሳያዛቸው የያዙት ልማድ ነበር፤ ስፒከሩ ሲገዝፍ ልማዱ እንዳያንስ እሰጋለሁ። ይህን በፖሊስ ማስፈጸም አይቻልም፤ አባቶች ቢነጋገሩበት ግን በአንድ ቀጠሮ ያልቃል።

ቅሬዎቻችንን አትርሱ። በየሰፈሩ ማን የት እንደሚኖር፣ የማን ግቢ ሰፊ በር እንዳለው፣ የትኛው ቤት ውስጥ ነርስ እንዳለች የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በጉዞው መስመር ላይ ያሉ ግቢዎች በበዓሉ ሰዓት በራቸውን ክፍት እንዲያደርጉ የቅሬ ዳኛ ቢጠይቅ እምቢ የሚል አይገኝም፤ ያን ጊዜ ግራና ቀኙ የታጠረው መንገድ በየሃምሳ ሜትሩ መውጫ ያገኛል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቅሬ ውስጥ በሚቀበርበትና በሚያስተዛዝንበት ሰፈር ይህን መጠየቅ ቀላል ነው። ድንኳኑና ወንበሩ እንኳ ለመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ይሆናል።

ስለ ግሸንና ስለ ላሊበላ ብዙ አልልም፤ ራሳቸውን የቻሉ ጉዳዮች ናቸውና። ግሸን በአንድ መግቢያ የሚወጣበት አምባ ነው፤ የሚወጣውና የሚወርደው ሕዝብ በሰዓት ካልተለየ የትኛውም ጥበቃ አይበቃውም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በገና ሰሞን የሚሞሉት ከአለት የተፈለፈሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ ሊሰፉ አይችሉም፤ ስለዚህ የሚገባው ሰው በየተራ መሆን አለበት። ሁለቱም የየራሳቸው ዕቅድ ይሠራላቸው።

የተጻፈ ሥርዓት ይውጣ የምለው ለአማኙ ብቻ አስቤ አይደለም። መመሪያ የሌለው ኃላፊ ለአንዱ ሲፈቅድ ለሌላው አዳላ ይባላል፤ ሲከለክልም ሃይማኖት ጠላ ይባላል። ለኦርቶዶክሱ፣ ለሙስሊሙ፣ ለፕሮቴስታንቱም አንድ ቅጽ፣ አንድ የማሳወቂያ ጊዜ፣ አንድ የአቤቱታ መንገድ ካለ ኃላፊው ራሱ ከሐሜት ይድናል። ቅጹ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የጉዞው መነሻና መድረሻ፣ ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው ሕዝብ ግምት፣ የአስተባባሪዎች ስምና ስልክ፣ የሚተከል መድረክ ካለ ዝርዝሩ። አስተዳደሩ የመንገድ ለውጥ ከፈለገ ደግሞ ምክንያቱንና አማራጩን መንገድ ጽፎ ይመልስ፤ አማራጭ የሌለው «አይቻልም» እንደ መልስ አይቆጠር።

ለዘንድሮው ጥምቀት ጊዜ አለን። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ ከየደብሩ አንድ ሰውና ከሰፈሩ ቅሬ አንድ ሰው አብረው መስመሩን በእግር ይሂዱት፤ ሜትር ይዘው በየጥበቱ ስፋቱን ይለኩ፣ ክዳን የሌለውን ዲች በቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ የሚነሳውን ክምርና መኪና የማይቆምበትን ቦታ ይመዝግቡ፤ ለአምቡላንስ ክፍት የሚቆየውንም መንገድ ይምረጡ። ካርታው ከበዓሉ ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጅ ይለጠፍ። ይኸው ካርታ ለሚመጣው ዒድና መውሊድ እየተስተካከለ እንዲያገለግል በፋይል ይቀመጥ። በልኬታው ሥራ ያለ ክፍያ ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ፤ በየከተማው እንደ እኔ ያሉ ጡረተኛ ቀያሾችም አሉ። ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ
ኅዳር 2018፣ ደሴ